በአባቱ ስም የጠለቀው

ይበልጣል አንዳርጌ ጣና ዳር ተወልዶ፣ ጣና ዳር አድጎ፣ ዋና አያውቅም ቢባል ማን ያምናል? እውነቱ ግን ይኸው ነው። አባቱ በታንኳ ወጥቶ ከቀረ ወዲህ እናቱ ወይዘሮ አዛለች ልጇን እንኳን ለሐይቅ ለኩሬም አታስጠጋም ነበር። የባሏ ሬሳ ስላልተገኘ እርሟን አላወጣችም፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ «ሲመጣ» እንጂ «ከሞተ» የሚል ቃል ከአፏ አልወጣም።

ዛሬ ግን ሁለቱም ባሕር ማዶ ናቸው። እዚያ የምትኖረው፣ ሊጠይቋት የመጡላት እህቱ ስንዱ፣ በአንድ ትልቅ የገበያ አዳራሽ መሐል ሦስት ፎቅ በሚያህል የዓሣ ገንዳ ውስጥ እንዲጠልቅ ትኬት ቆርጣለት ወደ ሥራዋ ሄዳለች። ዋና የማያውቅም ይገባል ብለውታል። ጎብኚው ከወለሉ ላይ የተዘረጋውን የብረት ዘንግ ይዞ መቆም ብቻ ነው የሚጠበቅበት፤ ቤተሰብ ደግሞ ከመስታወቱ ማዶ ሆኖ ያየዋል።

ፎርሙ የቤተሰብ ስም ሲለው የአባቱን ስም ጻፈ። የኛ ሰው ሌላ ምን ይጽፋል? እዚያ ግን ሰው የሚጠራው በዚያ ስም ነው። በድምፅ ማጉያ «አንዳርጌ» ሲባል ይበልጣል ሌላ ሰው የሚጠሩ መስሎት ዝም አለ። ብድግ ያለችው እናቱ ናት። ባሏን በስሙ ጠርታ የማታውቅ ሴት፣ ነጠላዋ ከትከሻዋ መንሸራተቱን ሳታውቅ በመስታወቱ ላይ አፍጥጣ ቀረች። የፈራች መስሎት፣ ካልወደድሽውስ ይቅር አላት።

«ተጠርቷል እኮ» አለችው፣ ዓይኗን ከውሃው ሳትነቅል። «ግባ።»

ላይኛው ፎቅ ላይ ጥብቅ የጎማ ልብስ አለበሱት፣ የአየር ጠርሙስ አሸከሙት፣ ወገቡን ወደ ታች በሚጎትት የእርሳስ ብረት ቀበቶ አሰሩት፣ «አንዳርጌ» የሚል ካርድ ደረቱ ላይ ሰኩለት። እሱን ጨምሮ አራት ጎብኚዎች ነበሩ። አስጎብኚው፣ አንድ ቀጭን ፈገግተኛ ሰው፣ ሲያስገባም ሲያስወጣም የሚያየው ካርዱን ነው፤ መነጽርና ቱቦ ያጠለቀ ፊት ሁሉ አንድ ዓይነት ነውና አይፈረድበትም።

ውሃው ውስጥ መጀመሪያ የሚሰማው የራሱ ትንፋሽ ብቻ ነበር፤ ሲስብ እንደ ወናፍ፣ ሲያስወጣ እንደሚፈላ ድስት። ሻርኮቹ ከራሱ በላይ ዝም ብለው ያልፋሉ፣ ከመስታወቱ ማዶ እናቱ ቆማለች፣ እሱም እጁን እያውለበለበ ልቡ በደስታ ሞላ። ቆይቶ ጠብታ ውሃ በከንፈሩ ጥግ ገባ። የባሕር ውሃ ነው ብለውት ነበር፤ ጨው ግን የለውም። ጭቃ ጭቃ፣ ታንኳ የሚሠራበት የራሰ ደንገል ደንገል የሚል፣ የልጅነቱ ውሃ ነው። መነጽሩ ውስጥም ያው ሽታ ነበር። ከወዲያ፣ ብርሃኑ ከማይደርስበት ከሰው ሠራሹ ዋሻ በኩል፣ መቅዘፊያ ከታንኳ ጎን ጋር ሲጋጭ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ቀስ እያለ ቀረበ።

ዘንጉን የያዙትን እጆች ቆጠረ። አምስት ሰው ሆነዋል።

አምስተኛው ከጎኑ ነው። ጓንት የለውም፤ ቆዳው ውሃ ጠግቦ ነጥቷል። ይበልጣል ቀና ብሎ ሊያየው አልፈለገም፤ ግን አየው። መነጽር ያላጠለቀ፣ ከእሱ በዕድሜ የሚያንስ፣ እቤታቸው ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው ፎቶግራፍ በቀር የትም ያላየው ፊት ነበር። ያ እጅ ተዘርግቶ ደረቱን እንደ መዳበስ አደረገው። ካርዱ የለም። ቀበቶው ይኸኔ ከበደው፤ ጣቶቹ ከብረቱ አልላቀቅ አሉ።

አስጎብኚው መጥቶ የጎብኚዎቹን ትከሻ እየነካ ወደ ላይ አመለከተ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አራተኛው ላይ፣ ጓንት በሌለው ሰው ደረት ላይ የተሰካውን ካርድ ብቻ አይቶ አውራ ጣቱን ቀሰረና ይዞት ወጣ። ይበልጣል በቱቦው ውስጥ ጮኸ፤ ድምፅ አልወጣም። ቀና ብሎ ሲያይ ከአፉ አረፋ እንኳ አይወጣም ነበር። ግን አልታፈነም። ከሁሉ የከፋው ይህ ነው፤ መታፈን አልቻለም።

ከመስታወቱ ማዶ የእሱን ሸሚዝ የለበሰ ሰው፣ ከፀጉሩ ውሃ እየተንጠባጠበ፣ ወደ ወይዘሮ አዛለች መጣ። እሷም ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ አለቀሰች። ኋላ እንባዋን ጠርጋ ወደ ገንዳው ዞረች፣ ግንባሯ መስታወቱን እስኪነካ ተጠጋችና ዓይን ለዓይን ተያዩ። አወቀችው። «እማዬ» አለ፣ በማይሰማ ድምፅ።

አስጎብኚው ሴትየዋ ትኩር ብላ ስታይ ግራ ገብቶት፣ ወደ ውሃው እያመለከተ ውስጥ የቀረባት ሰው እንዳለ በምልክት ጠየቃት፤ ወይዘሮ አዛለችም ዓይኗን ከልጇ ሳትነቅል ራሷን ግራና ቀኝ ወዘወዘች።