ካርዱ የሠራ ዕለት

የማሾ ነጋዴው ኸድር ሸዋ ሮቢት በሚገኝ ሆቴል፣ በብረት አልጋ ላይ ሞተው የተገኙት ጠዋት ነው። ገላቸው ላይ እርጥብ አንሶላ ተጠምጥሟል፤ አንድ እግራቸው ውሃ የተረጨውን ወለል ነክቷል። ይህ ለደገኛ ጉድ ነው። የይፋት ቆላ ሰው ግን ወለሉን ሳያረጥብና አንሶላውን ሳይነክር የሚተኛ ከሆነ፣ ወይ ታሟል ወይ እንግዳ ነው።

«ልባቸው ነው። ይሄ ሙቀት ማንን አስቀረ ብለው ነው!» አለ የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ አስፋው።

ኢንስፔክተር ከበቡሽ መብራቱን አስጠፍታ ብቻዋን ገባችና በሩን ከውስጥ ዘጋች። አልጋው ሥር ተንበርክካ ብዙ ቆየች። ከሟቹ የሸሚዝ ኪስ የሆቴሉን የወርቅ ካርድ አወጣች፤ ለነባር ደንበኛ የሚሰጥ፣ ቢጫ ቀለም የተቀባ ፕላስቲክ ነው። እንዲህ ያለው በእሷም ቦርሳ ውስጥ አለ።

ስትወጣ ኮሪደሩ ላይ ራቢዓ መሬት ተቀምጣለች። የዚች ሴት ልጅ ሙዐዊያ ጀውሃ መንገድ ላይ በመኪና ተገጭቶ ሞቷል፤ ገጪው ሳይቆም ሄዷል። ያየ አንድ ሰው ቢኖር ኸድር ነበሩ፤ ቃላቸውን ሊሰጡ የነበረውም ዛሬ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት የነበረውን ቀጠሮ ወደ ዛሬ ያመጣችው ራሷ ከበቡሽ ናት፤ ነገሩ ቢፋጠን ብላ። አሁን የሚቆጫትም ይኸው ነው።

«ማን ይናገር የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ» አለች ራቢዓ። «የነበሩት እሳቸው ነበሩ፤ ሄዱ። ያ አላህ! ከእንግዲህ ለልጄ ማን ይናገርለት?»

«የገጪውን ስም ነግረውሽ ነበር?»

«እምቢ አሉኝ እንጂ! ‹ሰው ከኋላው አይታማም፤ እጁን እንዲሰጥ አስቀድሜ ለራሱ ነግሬዋለሁ። እምቢ ካለ ሕግ ፊት ስሙን እጠራለሁ› አሉኝ። ትናንት ደግሞ ደውለው፣ ‹አይዞሽ፣ ለሚቀጥለው ሳምንት የያዝኩትን አልጋ ወደ ዛሬ ቀየሩልኝ። ካርዴ ሠራ!› ብለው ሳቁ።»

ከበቡሽ ወደ አስፋው ዞረች። «ክፍሉ የማን ነበር?»

«የዮናስ። የደብረ ሲና ልጅ ነው፣ የውሃ ሞተር ጠጋኝ። ሆቴሉ ሞልቶ ነበር፤ ግን የወርቅ ካርድ ያለው ሰው የያዘውን አልጋ ቀን ልቀይር ሲል ሌላው ይነሳለታል። ደንባችን ነው! ልጁ ታዲያ ‹ታያላችሁ› ብሎ ዝቶ ወጣ። እጁ ደግሞ ሽቦ ያውቃል፤ እኔ ምን አውቃለሁ፣ እናንተ ድረሱበት።»

ዮናስን ከዕቃ ቤቱ ጠሩት። እዚያ ፍራሽ ጥለው አሳድረውታል። በዚያ ወበቅ ብርድ ልብስ ታቅፎ መጣ።

«ወለሉን ውሃ ትረጭ ነበር?» አለችው።

«ውሃ? ለምን ብዬ? ተንሸራትቼ እንድሰበር?»

«ቁልፉን ለማን ሰጠህ?»

«አቶ አስፋው ከእጄ ነጠቁኝ። ሻንጣዬን እንኳ ያወጡት ራሳቸው ናቸው። ዛትክ ይሉኛል፤ አዎ፣ ንዴት ነው፣ ዝቻለሁ። ግን የአባት ያህል ሰው ገደልክ ብላችሁ ልትሰቅሉኝ ነው? እናቴ ይህን ከሰማች አንድ ቀን አታድርም!»

እንግዳ ተቀባይዋ ሲሃም ዓይኗ በልቅሶ አብጧል። ከበቡሽ ለብቻዋ ወሰደቻት።

«ይሄ ካርድ የአልጋ ቀን ያስቀይራል?»

«ኧረ እትዬ፣ ካርዱማ ስም ብቻ ነው! ክፍል ካለ ካርድ ለሌለውም እንቀይራለን። ከሞላ ግን ወርቅም ቢሆን አልማዝ ሞላ ነው። ጋሽ ኸድር ስንቴ ለምነውን ሳይሆንላቸው ጀውሃ ሰው ቤት አድረዋል። ትናንት ግን አቶ አስፋው ስልኩን ከእጄ ወስደው ‹ለእርስዎማ!› አሉ። በጣም ነው የገረመኝ።»

«አቶ አስፋው መኪና የላቸውም እንዴ?»

«አላቸው። ሰሞኑን ተበላሸ ብለው ከመጋዘኑ ጀርባ ሸራ አልብሰውታል። በባጃጅ ነው የሚመጡት።»

ከበቡሽ ሁሉንም ግቢው ውስጥ ካለው ማንጎ ሥር ሰበሰበቻቸው።

«ኸድርን የገደላቸው ልብ አይደለም» አለች። «ከቬንትሌተሩ ሶኬት ወደ አልጋው ብረት የተሳበ ሽቦ አግኝቻለሁ። ወለል ለሚያረጥብና አንሶላ ለሚነክር ቆለኛ የተጠመደ ነው። ዮናስ ሽቦ ያውቃል። ግን በእሱ ቦታ ማን እንደሚተኛ የሰማው ቁልፉን ሲነጠቅ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ክፍሉን አልረገጠም። ደገኛ ነውና የቆላን አተኛኘትም አያውቅም።»

ዮናስ ብርድ ልብሱን አፉ ላይ ጭኖ አለቀሰ።

ከበቡሽ የራሷን የወርቅ ካርድ አወጣች። «አቶ አስፋው፣ ግንቦት ላይ ለሠርግ እንግዶቼ የያዝኩትን አልጋ በአንድ ቀን ቀይሩልኝ ብዬ ለመንኩዎት። ‹ካርዱ ሃይላንድ ውሃ ያስጋብዛል እንጂ አልጋ አያስለቅቅም› አሉኝ። ለኔ ለፖሊሷ ያልሠራ ካርድ ትናንት ለምን ሠራ?»

«ለ... ለነባር ደንበኛ ብዬ ነው።»

«ጠዋት ልብ ነው ሲሉኝ ቆይተው ‹እጁ ሽቦ ያውቃል› አሉኝ። ሽቦ መኖሩን ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ደግሞ ኸድር የገጪውን ስም ሕግ ፊት እንደሚጠሩ ከራቢዓ ሌላ የነገሩት ለራሱ ለገጪው ብቻ ነው። ሸራውን ግለጡት!»

ገለጡት። የፒክ አፑ የፊት መብራት ተሰብሯል፤ ፍርግርጉ ላይ አረንጓዴ ክር ተጠምጥሟል። ራቢዓ ክሩን እንዳየች ጮኸች። የልጇ የትምህርት ቤት ሹራብ ነው፤ እጅጌውን የጠቀመችው በገዛ እጇ ነበር።

አስፋው ሸራውን መልሶ ሊጎትት እጁን ሰደደ። «እስር ቤት ገብቼ ቤቴ ይፍረስ? ዝም በሉልኝ ብዬ ለምኛቸው ነበር እኮ!»

«የለመኑህስ እሳቸው!» አለች ከበቡሽ፤ አንቱታውን ጣለችው። «እጅህን ስጥ ብለው ጊዜ ሰጡህ። ‹ይምጡ፣ ነገ አብረን ፖሊስ ጋ እንሄዳለን› ብለህ ጠራሃቸው፣ አይደል?»

አስፋው አንገቱን ደፋ። ይዘውት ሄዱ።

ራቢዓ የኸድርን ካርድ ከከበቡሽ እጅ ወስዳ አገላበጠችው። ከበቡሽ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ፍርድ ታገኛለሽ፣ ራቢዓ። ለሁለቱም።»

«ሆቴሉ ሲሞላ እኔ ቤት ነበር የሚያድሩት» አለች ራቢዓ። «ግቢው ነፋስ አለው ብዬ ደጅ አንጥፌላቸው ነበር። ካርዴ ሠራ ሲሉኝ ምንጣፉን አነሣሁት። አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬስ ቬንትሌተር አላቸው፣ ሞቋቸው አያድሩም ብዬ፣ ደስ ብሎኝ ነው ያነሣሁት።»