በቦኖው በኩል

በ1963 ዓ.ም. ኅዳር ውስጥ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ኮልፌ በእነሰብሪያ ደጃፍ አራት ነበሩ፤ ልብስ የምታጥበው ሰብሪያ፣ ጀርባዋ ላይ በአንቀልባ ታዝሎ የተኛው ወንድሟ ጀላል፣ የክፍሏ ልጅ አልማዜ፣ እንዲሁም አልማዜ ያቀፈችውና ሰፈሩን በጩኸት የሚያናጋው ሕፃኑ ወንድሟ ጉልላት።

«እባክሽ ሰብሪያ፣ እንዴት እንደምታስተኚው አሳዪኝ» አለች አልማዜ። «ሞግዚቷ ጥላን ሄደች። እማዬ ከሱቅ ስትመለስ ዛሬም እያለቀሰ ካገኘችው፣ ከሰኞ ጀምሮ ትምህርቴን ትቼ እኔው ላሳድገው ነው።»

ሰብሪያ እጇን ከአረፋው አላወጣችም። «የሕፃን ጋሪውስ?»

«ድንጋዩ ላይ ሲንገጫገጭ ይብስበታል።»

የሰብሪያ ልብ ቅቤ ጠጣ። መስከረም ላይ ጀላልን አዝላ ለምዝገባ ስትሄድ፣ ይህችው አልማዜ በሰልፉ ፊት «እዩዋት ይቺን ፋራ፤ ቦርሳ ሲሏት አንቀልባ ይዛ መጣች» ብላ ሁሉንም አስቃባት ነበር። ከዚያ ወዲህ በክፍሉ ውስጥ ስሟ «አንቀልባ» ሆኖ ቀረ። ሰብሪያ ቀን ትጠብቅ ነበር፤ ቀኑ ይኸው በእግሩ መጣ።

ዝም ብላ በሯን ብትዘጋ ይበቃ ነበር። ሰኞ የአልማዜ ወንበር ባዶ ይሆናል። ይህን አሰበችው፤ ጣማት። ባዶ ወንበር ግን አያፍርም።

«አሳይሻለሁ» አለች። «ግን አዝለሽው እስከ ቦኖው ትሄጃለሽ።»

አልማዜ ደነገጠች። ቅዳሜ ቅዳሜ የክፍላቸው ልጆች ውኃ ለመቅዳት ቦኖው ጋ ይሰለፋሉ። «እዚሁ ጓሮ ልዙር።»

«በቦኖው በኩል ካልሆነ ይቅር።»

ጉልላት ትንፋሹ እስኪያጥረው ጮኸ።

«እሺ» አለች አልማዜ።

ሰብሪያ እናቷ እሷን ያዘሉበትን አሮጌ አንቀልባ ከግድግዳው አወረደች። አልማዜ ቀጥ ብላ እንደቆመች ሕፃኑን ወደ ጀርባዋ ልታዞረው ስትሞክር ተንሸራተተ፤ ሰብሪያ በእርጥብ እጇ ቀለበችው።

«ምሰሶ ነሽ እንዴ? አጎንብሺ እንጂ።»

እግሮቹን ከፍታ በአልማዜ ወገብ ግራና ቀኝ አስቀመጠች፤ የአንቀልባውን ቆዳ እስከ ማጅራቱ ሳበች፤ ጠፍሩን በትከሻዋ አሳልፋ ደረቷ ላይ አጣመረችው። ልል አድርጋ ልትተወው ትችል ነበር። አጠበቀችው።

«አሁን ተራመጂ። የልብሽን ምት ይሰማዋል፣ ሙቀትሽም ይደርሰዋል። ሌላ ምንም አይፈልግም።»

ጥቂት እንደሄዱ ጩኸቱ ወደ ሲቃ፣ ሲቃው ወደ ትንፋሽ ተለወጠ። አልማዜ ባዶ እጆቿን አየቻቸው፤ ከዚያ በሁለቱም ፊቷን ጠረገች።

«ተኛ እንዴ?» አለች በሹክሹክታ።

«ተኝቷል። ሂጂ።»

ቦኖው ጋ ቀድማ ያየቻቸው የክፍላቸው ልጅ ዙቤዳ ናት። «አልሚ፣ ሳትነግሪን ወለድሽ?» ስትል ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። አልማዜ ወደ ሰብሪያ ዞረች። ዓይኗ አንዲት ቃል ይለምን ነበር። ሰብሪያ ያችን ቃል ታውቃታለች፤ መስከረም ላይ እሷም ከአንድ ሰው አፍ ጠብቃት ነበር። የጀላልን መቀመጫ ቸብ ቸብ እያደረገች ዝም አለች።

የአልማዜ እናት ከሱቅ ሲመለሱ ልጃቸውን በእህቱ ጀርባ ላይ ተኝቶ አገኙት። ሰኞ አልማዜ ትምህርት ቤት መጣች። ዓመቱን ሙሉ ከሰብሪያ ጋር አልተነጋገሩም።