በአንጓዋ ላይ የታሰረው ጫማ

ሟቿ አልጋዋ ላይ በጀርባዋ ተኝታለች። ብርድ ልብሱ እስከ አገጯ ተስቦ፣ ዳርና ዳሩ ፍራሹ ሥር ተወትፏል። ከውጭ የቀረችው ግራ እጇ ብቻ ናት። አንጓዋ ላይ አንድ ጥንድ አሮጌ ጫማ በማሰሪያው ታስሯል።

መርማሪዋ ደጃፉ ላይ ቆም ብላ በልቧ «ነፍስ ይማር» አለች። ሁልጊዜም ሥራዋን የምትጀምረው እንዲህ ነው። ጣቢያ ውስጥ «ጆሮ» ይሏታል፤ ሰው ሲያወራ አታቋርጥም፣ ዝም ያለውንም ታዳምጣለች።

ቤቱ ማረፊያ ያጡ ሴቶች የሚጠለሉበት ነው። ሟቿን «እትዬ ዝምታ» ይሏት ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ጎዳና ላይ፣ ሁለት ዓመት እዚህ ኖራለች። ትናንት ጠዋት የራሷን ክፍል ቁልፍ ተቀብላ ዛሬ ልትገባ ነበር።

«በእንቅልፏ ነው የሄደችው» አለች የቤቱ ኃላፊ ዓይኗን እየጠረገች። «ልቧ ደካማ ነበር። እንደው ዛሬ! ቀን አልጠፋ!»

ሐኪሙ ግን ፖሊስ ያስጠራው በከንቱ አልነበረም። መርማሪዋ ብርድ ልብሱንና ራሷ ላይ የታሰረውን ሻሽ ገለጥ አደረገች፤ ፀጉሯ ርጥብ ነው፣ የሌሊት ልብሷ ግን ደረቅ። ጉልበቶቿ ቁጭ እንዳለ ሰው ታጥፈው ደርቀዋል። በግራ እጇ ጥፍሮች ሥር አረንጓዴ ቀለም ገብቷል። የቀኝ እጇ ጣቶች ከድሮ ቃጠሎ የተነሳ ተጨማደው አይታጠፉም።

ከዚያ ጫማውን አየች። የማሰሪያው ጫፎች አይጥ የበላቸው ይመስል ተቆረጣጥመዋል።

«ሴቶቹ ሲተኙ ጫማቸውን የት ያደርጋሉ?»

«መግቢያው ላይ መደርደሪያ አለ፣ ደንብ ነው» አለች ኃላፊዋ። «ይሄን ገና ዛሬ ማየቴ ነው።»

«ትናንት እርስዎ የት አደሩ?»

«ፎቅ ላይ፣ ቢሮዬ። መስኮቱ ወደ ጓሮ ነው፤ ያ ሁሉ ዝናብ ሲወርድ ምንም አልሰማሁም።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሰው በራችን ላይ ሞተ ከተባለ ቤቱን ይዘጉብናል። ሃያ ስድስት ሴቶች የት ይገባሉ?»

«በር ላይ ሞተች አላልኩም እኮ።»

ኃላፊዋ ቀላች። «ጥፍሯን ሲያዩ አየሁ። በራችን አረንጓዴ ነው።»

«ክፍሉን ከእሷ ቀጥሎ የሚያገኘው ማን ነው?»

«አብራት የምትተኛው ልብስ ሰፊ። ልጇ አክስቷ ዘንድ ናት፤ ክፍል ካላገኘች አይሰጧትም። ግን እንደ እናትና ልጅ ነበሩ!»

መርማሪዋ ሐኪሙን «ማሰሪያውን ቆርጠው ያውጡልኝ፤ ቋጠሮው ግን እንዳይፈታ» አለችና ወደ ውጭ በር ሄደች። ከበሩ ታች፣ ቁጭ ያለ ሰው እጅ በሚደርስበት ቦታ፣ ቀለሙ አዲስ ተፍቋል።

ዘበኛው ቁጡ ሽማግሌ ነው፤ የወታደር ጫማውን እስከ ላይ ጥርቅም አድርጎ ያስራል።

«አባባ፣ ትናንት በሩን ማን ዘጋ?»

«እኔው ነኛ! ሁለት ሰዓት ላይ። ወዲያው አንዷን ምጥ ያዛት፤ በሩን ገፋ አድርጌ ሆስፒታል ይዣት ሮጥኩ። እመለሳለሁ ስል ልጁ አልወጣ ብሎ ነጋ። ስመጣ እሪታ ጠበቀኝ።»

«ከውስጥ የቀረቀረውስ?»

«እንጃ! ጎዳና የኖረች ሴት በር ክፍት ሆኖ እንቅልፍ አይወስዳት፤ ማንኛዋም ልትሆን ትችላለች።»

«ከእትዬ ዝምታ ጋር ተጣልታችኋል አሉ።»

«ተጣላን እንጂ! አምሽታ ስትመጣ ልሳቅላት? ያለፈቃድ ውጭ ያደረች፣ ቁልፍ ብትቀበልም፣ ክፍል የማግኘት ተራዋን ታጣለች።» ጢሙን ዳበሰ። «ለሰው አይንገሩብኝ እንጂ፣ የምቆጣት ተራዋ እንዳያልፋት ፈርቼ ነበር።»

«ጫማዋን ይዛ እንደምትተኛ ያውቁ ነበር?»

«አልጋ ላይ? ጫማ? ባውቅ ይሄን ቤት አናውጠው ነበር!»

ልብስ ሰፊዋ ወጣት ናት፤ ኮሌታዋ ላይ ክር ያለው መርፌ ሰክታለች። እያለቀሰች ነው የተናገረችው፤ ልቅሶዋም የውሸት አልነበረም።

«እንዴት ነበር የምትተኛው እህቴ?» አለቻት መርማሪዋ።

«ጫማዋን አንጓዋ ላይ አስራ። ውጭ ሁለት ጊዜ ተሰርቃለች። ታፍር ስለነበር ሰው ሳይነሳ ትፈታዋለች፤ ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም።»

«ትናንትም ስታስረው አየሻት?»

«አየኋት። እንደ ሁልጊዜው።»

መርማሪዋ ክፍሉን ትፈትሽ ጀመር።

ከግድግዳው መስቀያ፣ ከሌላ ካፖርት ሥር፣ የተጨመቀ የሟቿ ካፖርት ተገኘ። ኪሱ ውስጥ ሁለት ቁልፎች አሉ፤ አንዱ የክፍል ቁጥር ያለበት፣ ሌላው ጠርዙ ገና የሚቧጭር አዲስ። መርማሪዋ ይዛቸው መንገድ ዳር ወዳለው ቁልፍ ሠሪ ሄደች። ሰውዬው አዲሱን ሲያይ የእጁን ሥራ አወቀና የሆነውን ነገራት። ስትመለስ እርምጃዋ ከብዶ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሁሉም ምግብ አዳራሹ ውስጥ ተሰበሰቡ። መርማሪዋ ጫማውንና ያልተፈታውን ቋጠሮ ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«እትዬ ዝምታ አልጋዋ ላይ አልሞተችም። ፀጉሯ ርጥብ፣ ልብሷ ደረቅ ነው፤ ሰው ቀይሮላታል። ጉልበቷ የደረቀው ቁጭ እንዳለች ነው። ጥፍሯ ውስጥ ያለው የበሩ ቀለም ነው። አምሽታ መጣች፣ አንኳኳች፣ የሚከፍትላት አጣች። ብርዱና ልቧ ተባብረው ገደሏት።»

«ጌታ ሆይ» አለ ዘበኛው።

«ጠዋት ያስገባት ማን ነው? ቤቱ እንዳይዘጋ ኃላፊዋ፣ ጥፋቱ እንዳይደርስበት ዘበኛው ልትሉ ትችሉ ነበር። ግን ይህን ቋጠሮ እዩት። እትዬ ዝምታ ቀኝ እጇ አይሠራም፤ የምታስረው በግራ እጇና በጥርሷ ነው። ግራ አንጓዋ ላይ ሲሆንማ በጥርሷ ብቻ፤ ጫፉ የተቆረጣጠመው ለዚያ ነው። ይህ ግን እንደ ቢራቢሮ ክንፍ ሁለት እኩል ጆሮ ያለው፣ በሁለት ጤነኛ እጅ የታሰረ ነው። ኃላፊዋና ዘበኛው ያስሩታል እንዳንል፣ ልማዷን አያውቁም። የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ልብስ ሰፊዋ እጆቿን አየቻቸው።

«ሦስት ጊዜ አንኳኳች» አለች። «‹ልጄ፣ እኔ ነኝ› አለችኝ። የቀረቀርኩት እኔ ነኝ… ዘበኛው አሁን ይመጣል፣ እሱ ያስከፍትላት፣ ይመዝግባት አልኩ። ተራዋ ብቻ እንዲያልፋት ነው። ተራዋ ብቻ! ጆሮዬን በትራስ ያዝኩ። ከዚያ ዝም አለች። ዝም ማለት ልማዷ ነው… የሄደች መሰለኝ። ሊነጋ ሲል ስከፍት በሩ ሥር ቁጭ እንዳለች ቀርታለች፤ አዝዬ አስገባኋት።»

መርማሪዋ ሁለቱን ቁልፎች አስቀመጠች። ይህን መናገር ባይኖርባት በወደደች ነበር።

«ያመሸችው ቁልፍ ሠሪው ዘንድ ነው። መብራት ጠፍቶ ‹ነገ ነይ› ቢላት፣ ‹ነገ ትንሿን ልጅ ከአክስቷ ልናመጣ ነው› ብላ ቁጭ አለች። ሁለተኛው ለማን ነው ቢላት፣ ‹አብራኝ ለምትተኛው ልጄ› አለችው። ክፍሉን ለሦስታችሁ ነበር ያሰበችው።»

ከሴቶቹ አንዷ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ልብስ ሰፊዋ ቁልፉን ለመንካት እጇን ዘርግታ መለሰችው።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለች መርማሪዋ በዝግታ። «ጫማዋን ባታስሪላት ኖሮ አንቺ መሆንሽን አላውቅም ነበር። ለምን አሰርሽው?»

«ካላሰረች እንቅልፍ አይወስዳትማ።» ቀና አለች። «ወደምትወስጂኝ ውሰጂኝ። ብቻ ሲቀብሯት ጫማዋ አብሯት ይሁን። በናትሽ።»

«ማሰሪያው ለፍርድ ቤት ይፈለጋል። ጫማው ግን አብሯት ይሄዳል።»

ዘበኛው ወገቡን ይዞ ጎንበስ አለ። የወታደር ጫማውን ማሰሪያ ከአንዱም ከሌላውም ቀዳዳ በቀዳዳ መዝዞ አወጣና አሮጌው ጫማ ላይ አስቀመጠው።

«በዚህ እሰሩላት» አለ። «እኔ እንደሆን በር ላይ ነው የምውለው።»

ከዚያ የላላ ጫማውን እየጎተተ በሩን ሊከፍት ወጣ።