ያጠረው የጎባ መንገድ

ኡርጂ የጓሮውን በር ገፋ አድርጋ ስትወጣ አባቷ ከላንድክሩዘሩ ጎን ተንበርክኮ አገኘችው። በአንድ እጁ ጀሪካን፣ በሌላው ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ይዟል። የናፍጣ ሽታ ግቢውን ሞልቶታል። ቀና ሲል አያት፤ ፊቱ ላይ ግን የወትሮው ፈገግታ አልነበረም።

«ግቢ፤ ብርድ ነው» አላት፣ ጀሪካኑን በሰውነቱ እየከለለ።

ተመልሳ ገባች። ለምን እንዳልጠየቀችው ታውቃለች፤ መልሱን ፈርታ ነው።

ላንድክሩዘሩ የጋሽ ከሊል ነው። የኡርጂ አባት ኦቦ ጉሉማ ሹፌሩ ሲሆን፣ የጋሽ ከሊል ልጅ ዙሀይራ ደግሞ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ከኡርጂ ጋር በአንድ ዴስክ ትቀመጣለች። ትናንት በዕረፍት ሰዓት ዙሀይራ ከመማሪያ ክፍሉ ጀርባ ወስዳት ነበር።

«ለማንም እንዳትናገሪ። ወላሂ በይ።»

«እኔ ወላሂ ልበል?»

«እሺ፣ በራስሽ ሃይማኖት ማይ።»

«እኛ ቤት አይማልም። እሺ ካልኩ እሺ ነው።»

«እሺማ በነፃ ነው፤ ማንም ይለዋል» አለች ዙሀይራ። የኡርጂን ፊት ስታይ ግን ሳቋን ተወችና ነገሩን ነገረቻት። መኪናዋ ከክረምቱ ወዲህ የምትጨርሰው ናፍጣ ከሄደችበት መንገድ ጋር አልገናኝ ብሏል። ኦቦ ጉሉማን ጀሪካን ይዞ ያየው ጎረቤት አለ። ጋሽ ከሊል ከሰኞ ጀምሮ ሌላ ሹፌር እንደሚቀጥር ለእናቷ ሲናገር ሰምታለች።

«እኔ አላመንኩም» አለች ዙሀይራ። ቀጥላም «አንቺስ?» ስትል ጨመረች።

ኡርጂን ከሁሉም በላይ የጎዳት ይህ ጥያቄ ነበር። ትናንት ተቆጥታበታለች፤ ዛሬ ጠዋት ግን ጀሪካኑን በዓይኗ አየች።

ቅዳሜ ስለሆነ አባቷ መኪናዋን ጎማ ለማስነፋት ወደ ጎባ ሲነሳ አብሬህ ልሂድ አለችው። ከሮቤ እንደወጡ የሲናና ስንዴ በግራና በቀኝ ቢጫ ሆኖ ተዘርግቷል። ባለጥርሶቹ ጎማዎች አስፋልቱ ላይ ሲሽከረከሩ የሚያሰሙት ጉምጉምታ ወሬ አያስወራም።

«አባዬ፣ ጠዋት ጀሪካኑን ምን እያደረግክበት ነበር?»

ከመንገዱ ዓይኑን አላነሳም። «እየጨመርኩ ነው» አላት በመጨረሻ።

«ምን?»

«ናፍጣ። ከራሴ።»

ከዚያ በኋላ ቀስ እያለ አስረዳት። ዝናቡ ካቆመ ወዲህ መኪናዋ አለወትሮዋ መጠጣት ጀመረች። የሚያፈስ ነገር እንዳለ ፈለገ፤ አጣ። ማጣሪያውን ለወጠ፤ ለውጥ የለም። ጋሽ ከሊል ከማስተዋሉ በፊት በየጊዜው ጥቂት ጥቂት እየጨመረ ሊያመጣጥነው ሞከረ፤ እሱም አልበቃም።

«ሰው ዕድሜው ሲገፋ እግሩ ነዳጅ ላይ ይከብዳል መሰለኝ» አለ፣ ቀልድ ለማስመሰል እየሞከረ።

ኡርጂ እፎይ አለች። እፎይታው ግን ብዙ አልቆየላትም። እሱ ካልወሰደው ናፍጣው የት ይገባል? እውነቱን ነግሯት ከሆነ። ይህ «ከሆነ» ከየት እንደመጣባት አላወቀችም፤ በራሷ አፍራ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ጎባ ሲደርሱ ጎሚስታው ሂካ ገና ከሩቅ መሳቅ ጀመረ። «ኦቦ ጉሉማ፣ ዛሬም ይቺን በቦት ጫማ ሰርግ ይዘዋት መጡ?»

አባቷም ሳቀ። ሂካ ንፋሱን ሲለካ ጎማዎቹ አሁንም ለጭቃ ተብሎ ንፋሳቸው እንደተቀነሰ መሆናቸውን ነገራቸውና መሙላት ጀመረ። እነዚህን ጎማዎች ጋሽ ከሊል አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ ያመጣቸው ለሐረና ጫካ ጭቃ ነው። ክረምት ላይ አንገቱ ወደምትባለው ከተማ ሲሄዱ ሌሎች መኪኖች ተሰልፈው ሲሰምጡ የእሱ መኪና ብቻ ወጣች። ይህን ታሪክ በየሄደበት ያወራዋል። አሁን ግን መንገዷ በአብዛኛው ይኸው አስፋልት ነው።

ኡርጂ በመኪናዋ ዙሪያ ስትዞር ከኋላ የተሰቀለውን ትርፍ ጎማ አየችና ቆመች። አሮጌው ነው፤ ከአዲሶቹ በግልጽ ያንሳል። አባቷን ኪሎ ሜትር መቁጠሪያው ስንት እንደሚል ጠየቀችው።

«ድሮ ከሮቤ ጎባ አስራ አራት ይል ነበር። አሁን አስራ ሦስት ላይ ይቆማል። እሱም እንደኔ አርጅቷል።»

«አላረጀም። ትልቁ ጎማ አንድ ጊዜ ሲዞር ብዙ ይሄዳል። ስለዚህ የሚዞረው ጥቂት ጊዜ ነው። መቁጠሪያው ግን የሚያውቀው አሮጌውን ጎማ ነው፤ ዙሩን ቆጥሮ…» ቆም አለች። የያዘችው ነገር መልሶ ተምታታባት።

«እና መንገዱ አጠረ ወይስ ረዘመ?» አለ አባቷ ግራ ተጋብቶ።

«መንገዱማ ያው ነው። አጭር የሚመስለው መቁጠሪያው ላይ ነው። ጋሽ ከሊል ደግሞ የሚያምነው መቁጠሪያውን ነው፤ ናፍጣው ለዚያ አጭር መንገድ የበዛ ይመስለዋል።»

ሂካ የንፋሱን ቱቦ እንደያዘ አዳመጣት። ጥርሳም ጎማ አስፋልት ላይ ናፍጣ እንደሚበላ ያውቃል፤ የመቁጠሪያውን ነገር ግን ገና መስማቱ እንደሆነ ተናገረ።

ሲመለሱ ይህን ለጋሽ ከሊል እንዲነግረው ለመነችው። አባቷ ራሱን ነቀነቀ።

«በሰው ደስታ ላይ ውሃ አይቸለስም፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ። ደግሞ ምን ብሎኝ ነው? እስከዛሬ አንዲት ቃል አልተናገረኝም።»

ኡርጂ ወንበሯ ላይ ደረቀች። ሰኞ የሚሆነውን አያውቅም። በዚህ መኪና ውስጥ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት፤ እሷ ደግሞ እሺ ብላለች።

ሮቤ ገብተው ከጋሽ ከሊል ቤት አጠገብ ሲደርሱ አንዴ አቁምልኝ አለችውና ወረደች። ዙሀይራ በራቸው አጠገብ ምንጣፍ አጥሩ ላይ ሰቅላ ታራግፍ ነበር።

«እሺ ያልኩሽን ላፈርስ ነው» አለቻት ኡርጂ። «መጀመሪያ ላንቺ ልንገርሽ ብዬ ነው የመጣሁት።»

የዙሀይራ እጅ ቆመ። ከማን እንደወጣ የራሷ አባት ወዲያው እንደሚያውቅ፣ የቤት ወሬ ደጅ ማውጣት በእነሱ ዘንድ ምን እንደሆነ ዝቅ ባለ ድምፅ ነገረቻት። ኡርጂ አልተከራከረችም። ስለ ጀሪካኑ፣ ስለ ጎማውና ስለ መቁጠሪያው የቻለችውን ያህል አስረዳቻት።

«እርግጠኛ ነሽ? ሁሉም በጎማው ነው?»

አዎ ብትል ነገሩ ይቀል ነበር። «አይደለሁም። ብዙው በጎማው ነው። የቀረውን አላውቅም።»

«ሳታውቂ ለአባትሽ ልትነግሪው?»

«እሱ ምንም እንዳልተባለ ነው የሚያስበው፣ ዙሀይራ።»

ዙሀይራ ወደ ምንጣፉ ዞረችና አንድ ጊዜ በኃይል መታችው፤ አቧራው በሁለቱ መካከል ተነሣ። ኡርጂ እስኪበርድ ጠበቀች። ጓደኛዋ መልሳ አላየቻትም።

ወደ መኪናዋ ተመለሰችና በሩን ዘጋች።

«ጨረሳችሁ?» አለ አባቷ፣ ማርሽ ለማስገባት እየተዘጋጀ።

«አባዬ» አለችው፣ «ሞተሩን አጥፋው።»