የታጠፈው ስፖኪዮ

ሟቹን በሕይወት ሳለ በስሙ የሚጠራው ሰው አልነበረም። «ቀስ በል» ነበር የሚሉት፤ የጭነት መኪና ሲነዳ በኖረበት ዘመን ሁሉ ከአፉ የማይጠፋ ቃል ነውና። ጡረታ ሲወጣ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ አልሆነለትም፣ የከባድ መኪና ሹፌሮች ማሠልጠኛ ልክፈት ብሎ ተነሳ። «ስንቱን ወጣት ከገደል ስናወጣ ኖርን፤ አሁን ሳይገቡ ልያዛቸው» ይል ነበር። ግቢ አጠረ፣ የመማሪያ ክፍል ሠራ፣ ዕድሜውን የጨረሰበትን መኪና ለመለማመጃ አቀረበ። ገና አንድ ተማሪ እንኳ ሳይቀበል ግን በዚያው ግቢ፣ በዚያው መኪና ኋላና በአንድ የሲሚንቶ ምሰሶ መሀል ተጣብቆ ሞቶ ተገኘ። ሞት መቼም ቀስ በል ቢሉት የሚሰማ ዘመድ አይደለም።

የሰፈሩ ፖሊሶች ነገሩን በአንድ ጀምበር ቋጩት። የእጅ ፍሬኑ ተለቋል፣ ሞተሩ ጠፍቷል፣ ማርሹ አልገባም፣ ፍሪ ላይ ነው፣ ግቢው ደግሞ ወደ ምሰሶው ዘቅዘቅ ይላል። መኪናው ራሱ ተንሸራቶ ነው የገደለው አሉ። ይህን ያስረገጠላቸው የቀኙ ስፖኪዮ ነበር፤ ታጥፎ ከበሩ ጋር ተለጥፎ አገኙት። የጎን መስታወቱን ሳይዘረጋ ከባድ መኪና የሚያንቀሳቅስ ሹፌር ስለሌለ ማንም አልነዳውም ማለት ነው። ካልተነዳ ጥፋቱ የፍሬኑ ነው፣ ፍሬኑ ደግሞ የመካኒኩ ሥራ ነው። መካኒኩ የቀስ በል የእንጀራ ልጅ ነበር። የዚያን ዕለት ጠዋት ከእንጀራ አባቱ ጋር ሲጨቃጨቅ «ይህ መኪና አንድ ቀን ይበላሃል» ብሎ ጮኾ ነበር። ይህን ለፖሊስ የተናገረችው የገዛ እናቱ ናት።

በማግሥቱ ጠዋት ያቺው እናት ጉዳዩን ከተረከበችው መርማሪ ፊት ተቀመጠች። ዓይኗ አብጧል።

«የተናገርኩትን መልሱልኝ» አለች።

«አልገባኝም» አለች መርማሪዋ።

የመርማሪዋ የጣቢያ ቅጽል ስም ይኸው ነበር፦ አልገባኝም። ፀጉሯ የሸበተ፣ በዕድሜዋ መሪ ጨብጣ የማታውቅ ሴት ናት፤ ባልደረቦቿ ሲያሾፉባት «ነጂው በዝቶ ተነጂው አነሰ፤ እኔ ልሙላ» ትላለች። ስንቱ ብልጥ ነኝ ባይ ያልገባትን ሊያስረዳት ሲል የራሱን እጅ አሥሯል።

«ሬሳው ፊት ቆሜ ጠዋት ምን ተባባሉ ሲሉኝ ከአፌ አመለጠኝ» አለች ሴትየዋ። «ባሌን ገና ሳልቀብር ልጄን ልቀብር ነው።»

«ልጅሽ ገድሎታል ብለሽ ታምኛለሽ?»

ሴትየዋ ቶሎ አልመለሰችም። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ መርማሪዋ ግን ካመለጠው ቃል ይልቅ ይህን ዝምታ ፈራችው። ሌላ ጥያቄ አነሳች፣ ባሏ ሲሞት የት እንደነበረች ጠየቀቻት። ቤታቸው ከማሠልጠኛው ግቢ ጋር የሚዋሰነው በአንድ አጥር ብቻ ነው። ከሰዓት በኋላ ጓሮ ልብስ ስታሰጣ የባሏን ፊሽካ ሰምታለች።

«መጀመሪያ ረዘም ረዘም ያለ፤ ኋላ አጭር አጭር» አለች። «አጭሩ ብዙ ቆየ። ልምምድ ጀመሩ ብዬ ደስ አለኝ። የማይገባው ተማሪ ገጥሞታል ብዬ ለብቻዬ ሳቅኩ።»

«ረጅሙ ምን ማለት ነው? አጭሩስ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ የሹፌሮች ነገር ነው።»

መርማሪዋ ሴትየዋን እስከ በር ሸኝታ ልጇ ወደታሰረበት ክፍል ሄደች። መካኒኩ የጥፍሩ ሥር በቅባት የጠቆረ፣ ንግግሩ አጭር፣ ኩርፊያው ረጅም ወጣት ነው። ጠቡ ስለ ፍሬን እንደነበር ነገራት። የመለማመጃ መኪና በአስተማሪው በኩል ሁለተኛ የፍሬን ፔዳል ያስፈልገዋል። እሱ የሚገጥመው ቱቦ ጎድሎበታል፣ ቀስ በል ደግሞ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቸኩሏል። ተጨቃጭቀው ሲያበቁ ቱቦውን ፍለጋ ወጥቶ ሄደ።

«ስፖኪዮውን ማን አጠፈው?»

«እኔ። አዲስ መስታወት ገጥሜበት ስለነበር ሰው እንዳይገጨው ብዬ።»

«እስቲ ፊሽካውን አስረዳኝ። ለእኔ መኪና ማለት አራት ጎማና ጩኸት ነው።»

ወጣቱ ሊስቅ ምንም አልቀረው። ከባድ መኪና ወደ ኋላ ሲመለስ ከኋላ ቆሞ የሚያስመልስ ሰው ይኖራል አላት፤ ረጅም ፊሽካ «ና» ነው፣ አጭር ፊሽካ «ቁም» ነው። ከዚያ ድንገት አንገቱን ቀና አደረገ።

«ማነው ፊሽካ የሰማው?» አለ።

መርማሪዋ ተነስታ ወጣች። አስከሬኑን ወደመረመረው ሐኪም ደወለች፤ የሰማችውን ሰምታ ስልኩን ዘጋችና ወደ ማሠልጠኛው ግቢ ሄደች።

ግቢው ውስጥ መጀመሪያ ያገኘችው የሟቹን ታናሽ ወንድም ነው፤ የማሠልጠኛው ሥራ አስኪያጅ ሊሆን የተዘጋጀ፣ ሐዘኑንም ከረባቱንም አጥብቆ ያሰረ ሰው። አስከሬኑን ያገኘው እሱ ነው፤ ከዚያ በፊት ከተማ ውስጥ የማሠልጠኛውን ሰሌዳ ሲያጽፍ እንደዋለ ሰሌዳ ጻፊው መስክሮለታል። ጭንቀቱ ሁሉ የማሠልጠኛው ፈቃድ ነበር። ተቆጣጣሪዎቹ በዚሁ ሳምንት ይመጣሉ፣ ክፍሉንም መኪናውንም ያያሉ፣ የአስተማሪዎቹን ዓይን ሳይቀር በዚያው ይመረምራሉ እያለ ተማረረ። ሟቹ ወንድሙ ይሁን ፈቃዱ ለመለየት ጥቂት ጊዜ ወሰደባት።

«እስቲ መኪናው ላይ ወጥተው የኋላ ማርሹን ያሳዩኝ» አለችው።

ወጣ። ዘንጉን ገፋ፣ ጎተተ፣ አጮኸው። ግንባሩ በላብ ራሰ።

«እኔ የቢሮ ሰው ነኝ» አለ በመጨረሻ። «ወንድሜ ሊያስተምረኝ ስንት ጊዜ ለፍቷል።»

ዋና አስተማሪ እንዲሆን የታጨው የቀስ በል የመንገድ ጓደኛ ነበር። «ጉም ሰንጥቅ» ይሉታል። ሌሎች ሹፌሮች ጉሙ እስኪገፈፍ መንገድ ዳር ቆመው ሲጠብቁ እሱ ብቻ ሰንጥቆ ያልፍ ነበርና፣ ስሙ ከፊቱ ቀድሞ መናኸሪያ ይደርስ ነበር። ትናንት በምሳ ሰዓት ቤቴ ገባሁ፣ ከዚያ በኋላ የሆነውን አላውቅም አላት። ስለ ጓደኛው ሲናገር አለቀሰ። ለቅሶው የውሸት አይመስልም ነበር፣ አልነበረምም።

«ጋሼ፣ እርስዎ ደግሞ ያስተምሩኝ» አለች መርማሪዋ። «መሪው ላይ ይቀመጡ፣ እኔ በወዲህ በኩል እወጣለሁ።»

በቀኙ ተቀመጠች። ሰውየው ቦታው ሲደርስ ዕድሜው ረገፈለት፤ ትከሻው ሰፋ፣ እጁ ማርሹን ሳያይ አገኘው። መርማሪዋ ቁልፉን ከቀኝ ጉንጩ አጠገብ፣ አንድ ስንዝር በማይሞላ ርቀት፣ ምንም ሳትናገር ዘረጋችለት። እሱ ማስነሻውን ዳበሰ፣ ኪሱን ፈተሸ።

«ቁልፉ የታለ?» አለ።

ቁልፉን አንቀጨቀጨችው። አንገቱን ሙሉ በሙሉ አዞረና ፈገግ ብሎ ተቀበላት። አስነስቶ ጥቂት ወደ ኋላ ነዳው፤ በእሷ መስኮት በኩል የሚታየው የታጠፈው ስፖኪዮ ጀርባ ብቻ ነበር። በቃኝ ብላ ወረደች። እንዲህ አዝና ከመኪና የወረደችበት ቀን ትዝ አይላትም።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም አዲሱ የመማሪያ ክፍል ውስጥ ሰበሰበቻቸው። አግዳሚዎቹ ገና የቀለም ሽታቸው አልለቀቀም፤ ግድግዳው ላይ የመንገድ ምልክቶች ተሰቅለዋል። መካኒኩ በፖሊስ ታጅቦ መጣ። እናቱ ልትነሳለት ስትል ዓይኑን አሸሸባት፣ መልሳ ተቀመጠች።

«እኔ እንደምታውቁት ነገር ቶሎ አይገባኝም» አለች መርማሪዋ። «ስለዚህ ቀስ ብዬ ልሂድ። ፖሊሶቹ ስፖኪዮው ታጥፏልና ሹፌር አልነበረም አሉ። እኔንም አሳምኖኝ ነበር። ግን ባለቤቱ ፊሽካ ሰምታለች፤ መጀመሪያ ረጅም። ረጅሙ ና ማለት ነው። ሰው የሌለበትን መኪና ና ብሎ የሚጠራ የለም። ስለዚህ መሪው ላይ ሰው ነበር።»

ወንድምየው እንግዲያው ስፖኪዮው ለምን ታጠፈ ሲል ጠየቀ።

«እሱ ነው ጥያቄው። መካኒኩ ራሱ ነው ያጠፈው፤ ማጠፉን ቢረሳ እንኳ ወደ ቀኝ ዞር ባለ ጊዜ ትዝ ይለዋል። እርስዎ የኋላ ማርሹን አያውቁትም፤ ዘንጉ ሲጮህ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። የቀረው መኪናውን እንደ እጁ መዳፍ የሚያውቅ፣ ግን በቀኝ በኩል መስታወት ይኑር አይኑር ልዩነቱ የማይታወቀው ሰው ነው።» ወደ ጉም ሰንጥቅ ዞረች። «ጋሼ፣ ጠዋት ቁልፉን የያዝኩት ከዓይንዎ አጠገብ ነበር። ስፖኪዮውም እንደታጠፈ ነው የነዱት። የቀኝ ዓይንዎ ማየት ካቆመ ስንት ጊዜ ሆነው?»

ሰውየው እጆቹን አግዳሚው ላይ ዘረጋቸው። ለመካድ ያሰበ መስሎ ነበር፤ ኋላ ተወው።

«የዓይን ግፊት ነው አሉኝ» አለ። «ላየኝ ሰው ደህና ነው። እኔም ለማንም አልተናገርኩም።»

«ለቀስ በልም?»

«ለእሱ እንዴት ብዬ? እሱ እኮ ዋና አስተማሪ ያለኝ ዓይኔን አምኖ ነው።»

ከዚያ ሳይጠየቅ ተናገረ። ምሳ ሰዓት ወደ ቤቱ አልሄደም። ቀስ በል ተማሪ ከመምጣቱ በፊት እስቲ አንድ ዙር እንሞክር አለው። መካኒኩ የጠየቀውን ፔዳል አልጠበቁም፤ እንዲያ ያለው ፔዳል ለጀማሪ ነው ብለው ሳቁ። የቀኙ ጥግ ምሰሶውን እንዳይነካ ቀስ በል በዚያ በኩል ቆሞ አስመለሰው። አጭሩን ፊሽካ ሲሰማ ፍሬን ያዘ፣ ግን መኪናው ደርሶ ነበር።

«ወርጄ አየሁት» አለ። «ወገቡ ላይ ነው የያዘው። ‹ወደፊት ንዳልኝ› አለኝ። አልጮኸም፤ ድሮ ጎማ ሲያስቀይረኝ እንደሚያዘኝ ነው ያዘዘኝ። አንድ ክንድ ወደፊት ብነዳው ይወጣ ነበር።»

«ለምን አልነዱትም?»

«ተመልሼ ወጣሁ። መሪውን ያዝኩ። ከዚያ ሰው ይሰበሰባል፣ ለምን አላየኸውም ይሉኛል፣ ዓይኔን ያዩታል ብዬ አሰብኩ። ከመሪ ከወረድኩ እኔ ምንድን ነኝ? ማርሹን ፍሪ አደረግኩ፣ ሞተሩን አጠፋሁ፣ የእጅ ፍሬኑን ለቀቅኩት።»

«ከግቢው ሲወጡ ፊሽካውን ይነፋ ነበር?»

ጉም ሰንጥቅ መሬት መሬቱን አየ። «ይነፋ ነበር» አለ።

መርማሪዋ ሐኪሙ ቶሎ ቢደረስለት ይተርፍ ነበር ያላትን ለራሷ ብቻ ይዛ ልትሄድ አስባ ነበር፤ ሆድ ይፍጀው ብላ። ግን አያስፈልግም ነበር። ባለቤቱ በራሷ ደርሳበታለች። አጭሩ ብዙ የቆየው ለተማሪ አልነበረም። ግቢ ውስጥ ስልክ አይያዝም ብሎ ራሱ ሕግ ያወጣ ሰው፣ ስልኩ ቢሮ ቀርቶ፣ በቀረችው ትንፋሽ ሲጣራ ነበር የዋለው፤ ልምምድ የመሰለው ሰፈርም፣ እሷም፣ ሰምተው ሥራቸውን ቀጠሉ።

«እኔ እኮ ልብስ እያሰጣሁ ነበር» አለች ሴትየዋ፣ ለማንም ሳይሆን። «ደስ ብሎኝ ነበር።»

ጉም ሰንጥቅን ወሰዱት። በሩ ላይ ቀኝ ትከሻው ከመቃኑ ጋር ተጋጨ፤ ፖሊሱ ክንዱን ይዞ አወጣው። የመካኒኩን እጅ ፈቱለት። እናቱ ሮጣ አቀፈችው፤ እሱ እጆቹን እንዳንጠለጠለ ቆመ።

«እማዬ፣ ትናንት ጠዋት ለቀስ በል ምን እንዳልኩት ሰምተሻል አይደል?» አላት።

«ሰምቻለሁ ልጄ።»

«‹ፔዳሉን ሳልጨርስ ከነካኸው ይህ መኪና አንድ ቀን ይበላሃል› ነው ያልኩት። አንቺ በሩ ላይ ነበርሽ። ለምን ግማሹን ነገርሻቸው?»

አላውቅም ልትል አፏን ከፈተች። ያወቀችው ግን አሁን ነው፤ ያኔ ሬሳው ፊት ቆማ፣ ለአፍታም ቢሆን፣ ልጇ አድርጎታል ብላ አምና ነበር። ካመነች በኋላ ሌላው ግማሽ ትዝ አላላትም። ይህን ለልጅ እንዴት ብለው ይናገሩታል?

ወጣቱ መልስ አልጠበቀም። ወደ ግቢው ወጣ፣ የመፍቻ ሳጥኑን ከመኪናው ሥር ጎተተና ትከሻው ላይ አደረገው። የሟቹ ወንድም የማሠልጠኛው ፈቃድ ቢዘገይም እንደማይቀር፣ መካኒክ እንደሚያስፈልግ ሊያስረዳው ሞከረ፤ ሰላም ዋል ብሎት አለፈ። እናቱ እስከ ትልቁ በር ተከተለችው። እጁን ልትይዘው ፈልጋ ሳጥኑን ብቻ ነካች።

«ምሳ ብላና ሂድ» አለችው።

«አልራበኝም» አለ።

ከትናንት ጠዋት ጀምሮ እህል በአፉ አልዞረም ነበር።