አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ የሚጠፋው ሰው

እኔ መቀመጥ አይሆንልኝም። ቤተሰቦቼ «ጥድፊያ» ይሉኛል፤ ስሙ ተከትሎኝ መሥሪያ ቤትም ገብቷል። እንጀራዬ ግን ተቀምጦ የሚበላ ነው። የኢንተርኔት ድርጅት የስልክ መልስ ክፍል ውስጥ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ ደፍቼ፣ መስመሩ የተቋረጠበትን ሰው ሁሉ «እስኪ ሞደሙን አጥፍተው ያብሩት» እያልኩ እውላለሁ። ከሦስቱ ሁለቱ ከወንበራቸው ሳይነሱ «አጥፍቼ አብርቻለሁ» ይሉኛል። ውሸት በስልክ እንዴት እንደሚሰማ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም ነበር።

ማታ ስገባ ደግሞ ኮምፒውተር ላይ እጫወታለሁ። ሁለት ተራራ ወጪዎች ወገባቸውን በአንድ ገመድ ታስረው የሚወጡበት ጨዋታ ነው፤ አንዱ ቆሞ ሲይዝ ሌላው ይራመዳል። የአንዱ ኢንተርኔት ከተቋረጠ ሌላው ይወድቃል። ከአራት ወር በፊት ጨዋታው በዕጣ ከአንድ ሰው ጋር አሰረኝ። ስሙን «ዔሊ» ብሎ ጽፏል፤ እኔ እዚያም «ጥድፊያ» ነኝ።

«ምነው ቆምክ?» አልኩት በመጀመሪያው ቀን በማይክሮፎኑ።

«እግርሽን የምታሳርፊበትን እያየሁልሽ ነው።»

ድምፁ የረጋ ነው። ቀን መነጽር ይሠራል፤ ሲናገርም ቃሉን እንደ መስታወቱ የሚሞርድ ይመስላል። በሳምንቱ ከሥራ ስወጣ ታክሲው የሚዘገይብኝ ወደ እሱ ስለምቸኩል እንደሆነ ገባኝ። በወሩ ወድጄው ነበር፤ ልደብቀው ብልም የምደብቅበት ቦታ አልነበረኝም።

አንድ ችግር ብቻ ነበር። ማታ ማታ አንድ ሰዓት ከሩብ ሲሆን ዔሊ ይጠፋል። ገመዱ ይላላል፣ እኔ ገደል እገባለሁ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ይመለስና «ይቅርታ፣ መስመሩ ተቋርጦብኝ ነው» ይላል።

ለእኔ ይህን መንገር ለውሻ አጥንት እንደ መወርወር ነው። «ምን ሆንክ? የሞደሙ መብራቶች ምን ዓይነት ነበሩ?» ብዬ ያዝኩት። ኬብሉን አስቀየርኩት። በገመድ አልባ መጫወቱን አስተውኩት። ሞደሙን ገልብጦ ከሥሩ የተጻፈውን ቁጥር እንዲያነብልኝ አደረግሁ፤ የእኛው ድርጅት ሞደም ነው። ያልኩትን ሁሉ ያደርጋል፣ አድርጌያለሁ ይላል፣ በማግስቱ በሰዓቱ ይጠፋል።

«ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው የያዝሽው» አለችኝ ሥራ ቦታ አጠገቤ የምትቀመጠው ጓደኛዬ። «በሰዓቱ የሚጠፋ መስመር የለም። በሰዓቱ የሚጠፋ ባል ነው ያለው። ሚስቱ እራት ስታቀርብ ነው።»

ሳቅኩላት፤ ሆዴ ግን አልሳቀም። እንገናኝ ብዬው ሁለት ጊዜ «ይደርሳል» ብሎኝ ነበር።

በማግስቱ የማይደረገውን አደረግሁ። ደንበኛ ሳይደውል የመረጃ ገጹን መክፈት በእኛ መሥሪያ ቤት ከሥራ ያስባርራል። ባነበበልኝ የሞደም ቁጥር ፈልጌ ከፈትኩት። ስሙን፣ አድራሻውን አየሁ። ሞደም ከሶኬት ሲነቀል፣ ከመጥፋቱ በፊት አንዲት አጭር ምልክት ለእኛ ይልካል፤ መስመር ሲበላሽ ግን ምልክቷ የለችም። በዔሊ ገጽ ላይ በየቀኑ አለች፣ አንድ ሰዓት ከሩብ። የጎረቤቶቹን አየሁ፤ ምንም የለም። መብራት አልጠፋም። በእጁ ነው የሚነቅለው።

እኔ እዚህ ስንት ወር ኬብል አስቀይረዋለሁ፣ እሱ እዚያ እየነቀለ ይሸሸኛል።

ማታ አንድ ሰዓት ከአሥር ላይ ጠየቅሁት።

«አሁን ልትነቅለው ነው አይደል? ማን ናት የምትጠራህ?»

ተራራው ላይ መራመዱን አቆመ።

«እንደምነቅለው ማን ነገረሽ?»

ነገርኩት። ስነግረው የማን ጥፋት እንደሚብስ መለየት አቃተኝ።

«መዋሸቴ ጥፋት ነው፤ አልክድም» አለ በመጨረሻ። «አንቺ ግን በሬን ሳታንኳኪ በመስኮት ነው የገባሽው።»

ከዚያ ጠፋ። ወደቅሁ። በግማሽ ሰዓቱም አልተመለሰም።

አራት ቀን አልመጣም። እኔ ደግሞ እሳት ላይ እንደተጣደ ድስት ሆንኩ። ቤት ውስጥ ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ ኮምፒውተር እመላለሳለሁ። ሥራ ላይ አንዱን ሽማግሌ ደንበኛ ሞደሙን ሦስት ጊዜ አስጠፍቼው «ልጄ፣ አንቺ ደህና ነሽ?» አለኝ። በሁለተኛው ቀን ታክሲ ተሳፍሬ እሱ ሰፈር ድረስ ሄድኩ። አድራሻውን በቃሌ ይዤዋለሁ። ፌርማታው ላይ ወርጄ ቆምኩ፤ ከዚያም አድራሻውን የሰጠኝ እሱ እንዳልሆነ ትዝ አለኝና ተመለስኩ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይሉ የለ፤ እኔ አፍስሼ የምለቅመው እንኳ አጣሁ። በማግስቱ አለቃዬ ፊት ቆሜ ያደረግሁትን ራሴ ተናገርኩ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፈልኝ። ካልደገምሽው አላባርርሽም አለኝ።

በአምስተኛው ቀን ከምሳ በኋላ ስልክ አነሳሁ።

«ምን ልርዳዎት?»

«ለሰባተኛ ጊዜ መደወሌ ነው» አለ የረጋ ድምፅ። «ስድስት ባልደረቦችሽ ሞደሙን አጥፍቼ እንዳበራ ነግረውኛል።»

ጓደኛዬ ዞር ብላ አየችኝና ወዲያው ጀርባዋን ሰጠችኝ።

«ደውያለሁ» አለ። «አሁን ገጼን መክፈት ትችያለሽ።»

«ደንቡ መጀመሪያ ስምዎንና አድራሻዎን ራስዎ እንዲነግሩኝ ይላል።»

ነገረኝ። ሙሉ ስሙን፣ ከዳቦ ቤቱ ጀርባ፣ ሦስተኛው ሕንጻ፣ አራተኛ ፎቅ፣ በስተግራ ያለው በር። ሁሉንም አውቀዋለሁ። እስኪጨርስ ግን ዝም ብዬ ሰማሁት፤ እንደ አዲስም ወረቀት ላይ ጻፍኩት።

«ችግሩ ምንድን ነው?»

«እናቴ ሳንባዋን ታማለች። ማታ ማታ ሃያ አምስት ደቂቃ መድኃኒት በእንፋሎት የምትስብበት መሣሪያ አላት። የስልኩ መስመር የሚገባው በእሷ ክፍል ነው፣ ሞደሙም ያለው እዚያው ነው፤ ክፍሉ ያለው ሶኬት አንድ ብቻ ነው። ሐኪሙ ከመሣሪያው ጋር ሌላ ነገር እንዳይሰካ አስጠንቅቆኛል።»

«ታዲያ ይህን መናገር ምን ይከብዳል?»

«የሚያውቀኝ ሁሉ መጀመሪያ የሚለኝ ‹እናትህ እንዴት ናት› ነው። ቢሉም ደግነታቸው ነው። ‹አንተ ምን ሆንክ› የምትዪኝ ግን አንቺ ብቻ ነሽ። ወደድኩት። አንቺንም ወደድኩሽ።»

በዚያ ክፍል አሥራ አምስት ሰው በአንድ ጊዜ ያወራል። ለእኔ ጭር አለ።

«ቴክኒሻን ይላክልዎት?» አልኩ።

«አይሆንም። አንቺ ነይ።»

ማታውኑ ሄድኩ። በሩን የከፈተልኝ ረጅም፣ ትከሻው ጎበጥ ያለ ሰው ነው። ዓይናችን ተገጣጠመና ሁለታችንም ወዲያው ወለሉን አየን። ጫማዬን አውልቄ ወደ እናቱ ክፍል ተከተልኩት።

እናቱ አልጋቸው ላይ ተደግፈው ተቀምጠዋል። «ደህና አመሹ፣ እማማ» አልኩ።

«ደህና አመሸሽ። ያቺ ጥድፊያ የምትባዪው ነሽ?» አሉ ትንፋሻቸውን እየለቀሙ። «ይህ ልጅ በዚያ በግድግዳው ማዶ ሲስቅ ስሰማ፣ ማን ናት እያልኩ ነበር።»

አንድ ሰዓት ከሩብ ሆነ። ሞደሙን ነቀለ፣ መሣሪያውን ሰካ፣ ጭምብሉን ለእናቱ በጥንቃቄ አጠለቀላቸው። መሣሪያው እያጉረመረመ ስለሆነ ማውራት አይቻልም። እሱ በአልጋው ወዲያ፣ እኔ ወዲህ ተቀመጥን። እሱ ያየኛል፤ እኔ ሳየው ወደ እናቱ ይመለከታል። እኔ መቀመጥ የማይሆንልኝ ሴት ሃያ አምስት ደቂቃ ጉልበቴን እንኳ ሳላነቃንቅ ተቀመጥኩ።

መሣሪያው ሲቆም ግድግዳውን አየሁ። የለመድኩት ሥራ ነውና ለማየት ብዙ አልፈጀብኝም።

«ለዚህ የሚያስፈልገው አሥር ሜትር የስልክ ሽቦ ነው» አልኩት። «ሞደሙ ወደ አንተ ክፍል ይሄዳል፣ ሶኬቱ ለእማማ ይቀራል። በቃ።»

ተነስቶ መሳቢያ ከፈተ። ሽቦው ተጠቅልሎ፣ የተገዛበት ላስቲክ እንኳ ሳይቀደድ ተቀምጧል።

«መቼ ገዛኸው?»

«ከሦስት ወር በፊት።»

«እና ለምን አልዘረጋኸውም?»

«ከተስተካከለ» አለ ሽቦውን እያየ፣ «መጠየቅሽን ታቆሚያለሽ ብዬ ፈራሁ።»

ስንቴ ገደል እንደገባሁ አሰብኩ። ልቆጣ ፈልጌ ነበር፤ ቁጣው አልመጣልኝም። እጄን ዘረጋሁለት።

«አምጣው። እኔ ጥያቄ አያልቅብኝም።»