የእርቁ ድንጋይ

የሽመቤት ከልብስ ስፌት ሥራዋ የምትመለሰው ሁልጊዜ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ለአከራይዋ ለእትዬ ውድነሽ «እንደምን ዋሉ» ትላለች፣ ክፍሏን ከፍታ ትገባለች፣ ትቆልፋለች። ባሏ ደምሰው አንገቷን አንቆ ጎረቤት ካስጣላት፣ ፍርድ ቤትም አጠገቧ ድርሽ እንዳይል ካዘዘበት ወዲህ ኑሮዋ ይኸው ነው።

እሁድ ደምሰው ሽማግሌዎች አስከትሎ፣ ትልቅ ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ፣ የግቢው በር ላይ ተንበረከከ። በአገሩ ወግ በዳይ ድንጋዩን የሚያወርደው ተበዳይ «ይቅር ብያለሁ» ስትል ነው። እሷ ግን በመስኮት አየችውና «ሞቼ ነው ቆሜ!» አለች። ሽማግሌዎቹ ድንጋዩን አስወርደውት እያጉረመረሙ ሄዱ።

ሰኞ ድንጋዩ እዚያው በሩ ጋ ነበር። ማክሰኞ ግቢው ውስጥ፣ ውሃ የሚያንጠባጥበው ቧንቧ ሥር አገኘችው። ልጆች አንከባለውት ይሆናል ብላ ራሷን ሸነገለች፤ የትኛው ልጅ ነው ያን የሚያክል ድንጋይ የሚገፋው! ረቡዕ ደረጃዋ ላይ ወጥቶ ጠበቃት፣ ያ የምታውቀው የላብና የትንባሆ ሽታም አብሮት።

ፖሊስ ጣቢያ ሮጠች። «እህቴ፣ ድንጋይ ይከሰሳል እንዴ?» አላት ተረኛው።

«እትዬ፣ ማነው የሚያስገባው?» ብላ አከራይዋን አፋጠጠቻቸው።

«እኔ ምን አውቄ!» አሉ እትዬ ውድነሽ፣ ዓይናቸውን ከሚቀነጥሱት ጎመን ሳያነሱ። «ሰው እንዲህ ተዋርዶ ሲለምንሽ፣ አርብ ፍርድ ቤት ብታቆሚው ምን ይረባሻል?»

የአርቡን ቀጠሮ ለማንም አልተናገረችም ነበር። ከሷ ሌላ የሚያውቀው ደምሰው ብቻ ነው። የዚያኑ ዕለት አናጺ ጠርታ በሯ ላይ ወፍራም መቀርቀሪያ አስገጠመች።

ሐሙስ ፍርሃቱ ሥራ አላሠራት ሲል አስፈቅዳ በጠራራ ፀሐይ ተመለሰች። ግቢው ጭር ብሏል፤ የቧንቧው ጠብታ ብቻ ይሰማል። ድንጋዩ ደረጃዋ ላይ የለም። ቧንቧው ሥርም፣ በሩ ጋም የለም። ተመስገን፣ ወሰዱት! ተጣድፋ ገባችና አዲሱን መቀርቀሪያ ከውስጥ ወረወረችው።

ክፍሉ ትንባሆ ትንባሆ ይሸታል። ድንጋዩ ትራሷ ላይ ነው። እጇን ዘርግታ ነካችው፤ በላብ ርሷል፣ ገና ይሞቃል። ከቁም ሳጥኑ ጀርባ አንድ ሰው ቀስ ብሎ ተነፈሰ።

«እትዬ! ድረሱልኝ!»

«አይዞሽ ልጄ፣ ተነጋገሩ» አሉ እትዬ ውድነሽ ከበሩ ማዶ። «ቁልፉን የሰጠሁት ለእርቅ ብዬ ነው።»

የሽመቤት መቀርቀሪያውን ለመሳብ ስትታገል ድንገት ድምጿ ተቋረጠ፤ ክፍሉም ጸጥ አለ። እትዬ ውድነሽ ጆሯቸውን በሩ ላይ ለጥፈው ጥቂት አዳመጡና፣ ታረቁ ብለው እልልታቸውን አቀለጡት።